ሁለተኛውን ሰረቅኩ

ባሕር ማዶ የሄድኩት ለጥበቃ ሥራ ነበር። ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ መኖሩን እንኳ በወሬ ነው የማውቀው። በምጠብቀው ሜዳ አዲስ ሊግ ተቋቁሞ ቡድኖቹ ልምምድ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ንፋስ የአንዱን አሰልጣኝ ኮፍያ ይዞበት ሲሄድ ሮጬ ያዝኩለት። ኮፍያውን ተቀብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ "እንዲህ እየሮጥክ በር ላይ ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ማልያ ለበስኩ። ኳስ አልመታም፣ አልወረውርም። አንዱ ወፍራም መቺ ኳሷን መትቶ ከአራቱ የሩጫ ማረፊያዎች የመጀመሪያው ላይ እያለከለከ ሲደርስ እሱ ይወጣል፤ እኔ በቦታው ገብቼ እሮጣለሁ። በቃ፣ እንጀራዬ ይኸው ነበር።

ወርዋሪውን አዘናግቶ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሮጦ መድረስ በጨዋታው ቋንቋ "መስረቅ" ይባላል። መጀመሪያ የተሳካልኝ ቀን ደስታው አላስችል ብሎኝ ሐረር ደወልኩ። አባቴ ከጎጃም በውትድርና መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው።

"አባባ፣ ዛሬ ሁለተኛውን ሰረቅኩ!"

የሬዲዮናቸውን ድምፅ ሲቀንሱ ሰማሁ።

"ይሰማዎታል? ሕዝቡ ሁሉ አጨበጨበልኝ!"

"አንደኛውንስ መቼ ነው የሰረቅከው?" አሉና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

የቀረውን የነገረችኝ እናቴ ናት። አባቴ ምሳ አልበላም ብለው ግቢ ውስጥ ሲንጎራደዱ ጎረቤታችን አዴ ገቡ። አዴ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናት የሚያያቸው የሐረሪ ባልቴት ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ፣ "አስተግፊሩላህ!" ብለው ደረታቸውን ያዙ። ጥቂት አሰብ አድርገው ግን፣ "ሰርቆ ለአባቱ የሚደውል ሌባ አይተው ያውቃሉ? ይልቅ መልሰው ይደውሉለት" አሉ።

ደወሉ፤ አስረዳኋቸው። "ታዲያ ሩጫ ነው አትለኝም!" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ ሆነውም ቢሆን፣ "ዛሬስ ሰረቅህ?" እያሉ ይጮኹብኝ ጀመር። አንድ ቀን "ዛሬ እንኳ ተያዝኩ" ስላቸው፣ "አይዞህ፣ ነገ ትሰርቃለህ" አሉኝ። ባጃጅ ነጂው ዞር ዞር እያለ ሲያያቸው ግንብ ሊገጭ ነበር አሉ።

ቡድናችን ግን ዓመት እንኳ አልደፈነም። ተመልካች እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን አሰልጣኙ መልበሻ ክፍል ሰበሰበንና መፍረሳችንን ነገረን። ወፍራሙ መቺ እያለቀሰ አቀፈኝ፤ ስንቱን ዙር ጨርሼለታለሁ። አንድ ኳስ ሻንጣዬ ውስጥ ጨምሬ አገሬ ገባሁ።

አባቴ ሳልጠግብ፣ ሳላርፍ፣ "እስቲ ያንን ነገር አሳየኝ" አሉ። ወደ ሐኪም ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሜዳ ላይ ቆምን፤ አባቴ በመምቻ ፋንታ የዶማ እጀታ ጨብጠዋል። ቀስ አድርጌ ወረወርኩላቸው። ሳቱ። ደግሜ ወረወርኩ፤ መቷት! ኳሷ በበለስ አጥር ላይ አልፋ ወደ ሰው እርሻ ነጎደች።

"ይሩጡ እንጂ፣ አባባ!"

"ቆይ አንተ" አሉ፣ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው፣ "የት እንደምታርፍ ልያት።"