የአለቃ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ቢሯችን አዲስ የተቀጠረችው ልጅ የጎርፍ ማስመሰያውን ሶፍትዌር ከፍታ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ አሁን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ኮንፊግ፣ የራሱ የቁጥር ፋይል አለው። የፈለጉትን ቁጥር ቢቀይሩ የሌላውን ሰው ሥራ አይነካም» አለችኝ። ጎበዝ ልላት ሲገባ አፌ መረረኝ።

ጋምቤላ ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ባሮ ወንዝ ሲሞላ ውኃው የት ድረስ እንደሚወጣ የምናሰላው በዚሁ ሶፍትዌር ነበር። የዝናቡ መጠን፣ የወንዙ ዳር ከፍታ፣ ሁሉም ኮንፊግ በምንለው አንድ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ፋይሉ የጋራ ስለነበር አንዱ ሲነካው የሁላችንም ስሌት ይለወጥ ነበር። የየራሳችን ቅጂ ይኑረን ብዬ አለቃችንን አቶ ግርማን ለመንኳቸው።

«አምስት ሰው አምስት ባሮ ሊያመጣብኝ ነው?» አሉ። ቢሮው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አለቃ ሲቀልድ መሳቅ ከሥራ ዝርዝራችን አንዱ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ እማማ አሪየት ጋ ጎራ አልኩ። ወንዝ ዳር በቆሎ ያለማሉ፤ ከመስክ ስመለስ የተጠበሰ ዓሣ ሳያቀምሱኝ አያሳልፉኝም። የዚያን ቀን ግን ዓይናቸው ወንዙ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ውኃ እየመጣ ነው። እሸቱን ልልቀም፣ ወይስ ይድረቅ?»

እሸት ሳምንት ቢበላ ነው፤ የደረቀው ግን ዓመቱን ያሻግራል። ኮምፒውተሩን አይቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

በማግስቱ ፋይሉን ስከፍት የወንዙ ዳር ከፍታ በአንድ ሜትር ጨምሯል። አቶ ግርማ መጋዘን ሊሠሩ ለመጡ እንግዶች ያሳዩት ቦታ ካርታው ላይ ደረቅ ሆኖ እንዲታይ ቀይረውት፣ ሳይመልሱት አቦቦ ለመስክ ሥራ ሄደዋል። አፈር በሳምንት አንድ ሜትር አያድግም። ይህን አውቃለሁ። ግን የአለቃ ቁጥር ነው፤ ማን ይነካል? እንደገና ለክተውት ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩና እንዳለ አሠራሁት። የእማማ አሪየት ማሳ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ሄጄ «ይድረቅ፣ አይስጉ» አልኳቸው።

በስድስተኛው ቀን ባሮ ወጣ። ስደርስ ከበቆሎው ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ አካባቢው የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። እማማ አሪየት እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመዋል።

«ወንዙን እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን አንተ ተምረሃል አልኩ።»

ከጎርፉ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ አቶ ግርማ «ሶፍትዌሩ ተሳስቷል» አሉ። አራታችንም ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው በቆሎ ዘርቶ አያውቅም። ያን መነቅነቅ ሳስበው ዛሬም የሚያሳፍረኝ ከአለቃዬ ይልቅ የገዛ አንገቴ ነው።

አዲሷ ልጅ ሶፍትዌሩን እንደከፈተች አሁንም ጎበዝ እንድላት ትጠብቃለች። «በእናንተ ጊዜ ይሄ ቢኖር ሲወራ የምሰማው ያ ሁሉ ስሕተት አይፈጠርም ነበር፣ አይደል ጋሼ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«ስሕተት አልነበረም» አልኳት። «ቁጥሩን አይቼው ነበር።»

የምን ቁጥር ብላ ስትጠይቀኝ፣ የእማማ አሪየትን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ጠራሁት።