አንድ ዓይነት አራት ጎማ

አክስቴ መኪና የምትነዳው በእጇና በእግሯ ብቻ አይደለም፤ በወገቧም ጭምር ነው። ከመቀመጫው ሥር መንገዱ የሚያወራውን ትሰማለች። «ልትንሸራተት ነው» ስትል እኛ ተሳፋሪዎቹ ገና ምንም አልታወቀንም፤ ወዲያው ግን የመኪናዋ የኋላ አካል ጭቃው ላይ ሲዋልል እናያለን። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ይገርመኛል። የሰፈሩ ሰው «ማርሽ» የሚል ስም ያወጣላት፣ ዳገት ሲመጣ አፏን ግጥም አድርጋ ማርሽ ስለምትቀይር ነው። ሰው ሲከራከራትም እንደዚያው ናት። አፏ ግጥም ካለ ነገሩ አለቀ።

መኪናዋ አሮጌ ናት፤ አራቱም ጎማ የሚጎትትላት፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ ሳጥን የምትጮህ የገጠር መኪና። አክስቴ በእሷ ሰውም ዕቃም ታመላልሳለች። የምትመላለስበት መንገድ ሁለት ጠባይ አለው። ከሰፈራችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው ሊጥ ይሆናል። የቀረው አስፋልት ነው፤ እየተጠማዘዘ ወደ ድልድዩ ይወርድና ከተማ ይገባል።

በዚህ መንገድ ታላቅ ወንድሟ፣ አናጢው አጎቴ፣ አንድ ቀን እየዘለለ ይሄዳል። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ደሙን የሚያጥብለት ከተማው ሆስፒታል ያለው ማሽን ነው። ባለፈው ክረምት ጭቃ ይዞን አንድ እጥበት አመለጠው፤ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሰነበተ። ነርሷ ያኔ ቁርጡን ነገረችን። «በሚቀጥለው ክረምት ወይ ሳይቀሩ ይምጡ፣ ወይ እዚሁ ከተማ ቤት ይከራዩ።»

አጎቴ በከተማ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ መገመት አልቻልኩም። እሱ ጠዋት ከአልጋው የሚነሳው እንጨት ለማሽተት ነው።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ጎማ መቀየር ነበረበት። የድሮዎቹ ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ሆነዋል። አክስቴ፣ አጎቴና እኔ ጎሚስታው ዘንድ ሄድን። ደጃፉ ላይ ጎማ በጎማ ላይ ተቆልሏል፤ ጥግ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ጎሚስታው አንድ ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃው ውስጥ እያገላበጠ ነበር። በዓይን የማይታየው ቀዳዳ ድንገት የአረፋ ሰንሰለት ለቀቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እሱ በጠመኔ ምልክት አደረገበትና ወደ እኛ ዞረ።

ማንም ሳይጠራቸው አባባ ተጎታችም መጥተዋል። ድሮ ባለ ተጎታች መኪና ሲነዱ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ስሙ ግን ከሥራቸው ይልቅ ከወሬያቸው የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እሳቸው ካለፉ በኋላም ወሬው ገና እያለፈ ነው።

«ማርሽ፣ ስሚኝ» አሉ። «ጥርሱ ጣትሽን የሚውጥ ጎማ ግዢ። ጭቃ የሚፈራው ጥርስ ብቻ ነው!»

«አስፋልት ላይ ሲወጣ እኮ ይጮሃል» አለ አጎቴ። «ከማሽኑ ስመለስ ራሴን እንዴት እንደሚያመኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ለስለስ ያለ የአስፋልት ጎማ ይሻለኛል።»

«ጩኸቱስ ይቅር» አለች አክስቴ። «ድልድዩ ጋ ያለው መታጠፊያ ነው የሚያሳስበኝ። ትልልቅ ጥርስ እርጥብ አስፋልት አይዝም።»

«እኔ ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ ...»

«እርስዎ ሲነዱ አስፋልት ነበር እንዴ፣ አባባ?»

ጎሚስታው ሳቁን በእጀታው ሸፈነ። አባባ ተጎታች ግን ተቀየሙ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። ይህን ጊዜ ጭቅጭቅ የማይወደው አጎቴ መሀል ገባ። «ለምን ትጣላላችሁ? ሁለቱ የኋላ ባለ ጥርስ ይሁኑ፣ ሁለቱ የፊት የአስፋልት። ለሁላችንም ይዳረሳል።»

የቤተሰባችን የእርቅ ዘዴ ይኸው ነው። የሳሎናችን ግድግዳ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ክሬም የሆነው አያቶቼ በቀለም ስላልተስማሙ ነው። ግድግዳ ግን አይታጠፍም፣ ቁልቁለትም አይወርድም። አክስቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወንድሟን የገረጣ ፊት አየችና ተወችው። አፏ ግጥም አላለም። ጎሚስታውም ሁለቱን ባለ ጥርስ ከኋላ፣ ሁለቱን የአስፋልት ከፊት አስገባና ክሪኩን አወረደ።

ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ካፊያ ጀመረ። ወደ ድልድዩ ስንወርድ አክስቴ መሪውን በቀስታ አዞረች። የፊቱ ጎማ ታዘዘ፤ የኋላው አልሰማም አለ። ዛፎቹ፣ የድልድዩ ብረት፣ ሰማዩ በመስተዋቱ ላይ ተራ በተራ አለፉ። መኪናዋ ስትቆም ፊቷ ወደ መጣንበት ዞሯል። ከፊትም ከኋላም መኪና አልነበረም። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይመላለሳል።

«ወደ ቤት ልትመልሺኝ ነው እንዴ?» አለ አጎቴ ከኋላ ወንበር።

ማንም አልሳቀም። አክስቴ መሪውን አጥብቃ ያዘች። «መንገዱ ነው ሁለት» አለች ቀስ ብላ። «መኪናዋ አንድ ናት። ከፊት ሌላ፣ ከኋላ ሌላ አላደርጋትም ከእንግዲህ።»

አጎቴ ከእጥበቱ ሲወጣ ወስኖ ነበር። «በቃ፣ ከተማ ቤት እከራያለሁ። እኔን አደርሳለሁ ስትዪ ራስሽንም ይህን የሰው ልጅም ገደል ትከቻለሽ።»

«የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪመጣ ጊዜ ስጠኝ፣ ጋሼ።»

«ፍራሼን ይዤ ነው የምሳፈረው ያን ቀን። ከተቸገርሽ እዚያው ከተማ ነው የማነጥፈው።»

«ያዝ» አለች። አፏ ግጥም አለ።

ዝናብ ባደረ ማግስት አክስቴ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ አንድ ረጅም ፌሮ ትከሻዋ ላይ ጥላ በእግሯ ወጣች። ተከተልኳት። ጥቂት እየተራመደች ብረቱን ጭቃው ውስጥ ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ ጆሮዋን ታዘነብላለች።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ወለሉ።» እንደገና ሰካች። መጀመሪያ ጭቅ አለ፤ ቀጥሎ ከሥር ቋ የሚል ድምፅ መጣ። «ሰማህ? ጠጠር!»

ቆሜ ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ጭቃ መጨረሻ የሌለው ነበር የሚመስለኝ። ለካ ከሥሩ ስንት ዘመን ሲረግጡት የኖረ፣ ሁሉም የረሳው የድሮ መንገድ ተኝቷል፤ ከእግራችንም ከስንዝር ብዙ አይርቅም!

«ሰፊ ጎማ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል» አለች። «ጠባብ ጎማ ግን ቆርጦ ይወርዳል፤ ጠጠሩን ይረግጣል።» አንድ ቦታ ብቻ፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦው አጠገብ፣ ብረቱ ድምፅ ሳያሰማ እስከ ጭብጧ ሰመጠ። እዚያ ላይ ለምልክት ድንጋይ አኖረች።

ከዚያ በቀጥታ ጎሚስታው ዘንድ ሄደች። «ጠባብ፣ ጥርሱ መካከለኛ፣ አራቱም አንድ ዓይነት።»

«ጠባብ? ሰው እኮ ሰፊውን ነው የሚሻማበት፣ እትዬ። መኪና ያሳምራል።»

«ልድራት አይደለም፣ ልነዳት ነው።»

ከክምሩ ሥር አቧራ የለበሱ አራት ጎማዎች ጎትቶ አወጣ። አክስቴ ከበርሜሉ ውሃ ጨልፋ አንዱ ላይ አፈሰሰች። ተንበርክኬ አየሁ፤ በየጥርሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ፣ ውሃው በእነሱ እየሾለከ ወደ ጎን ሸሸ። ጥርሱ ጭቃ ለመርገጥ፣ ስንጥቁ እርጥብ አስፋልት ለመያዝ። በቅርቡ የገዛቻቸውን ሁለት ሁለት ጎማዎች ጎሚስታው እያጉረመረመም ቢሆን በለውጥ ተቀበላት።

አባባ ተጎታች አዲሶቹን ሲያዩ ከዘራቸውን አነሱ። «ይሄማ የብስክሌት ነው!»

«ከደረስኩ በኋላ ይስቁብኝ፣ አባባ።»

ስለ ቱቦው ቦታ ለአጎቴ ነገርኩት። በማግስቱ ከሥራ ክፍሉ የመላጊያ ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ረጃጅም ሳንቃዎች አዘጋጅቶ፣ ጎማ እንዲቆነጥጥባቸው በላያቸው አግዳሚ ጣውላ እየመታ ነበር። «ፍራሼን የማስርበት ነገር አጥቼ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው።

ከባዱ ዝናብ መጣ። ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ ላስቲክ ለብሶ ጣሪያው ላይ ከሳንቃዎቹ ጋር ታሰረ። አክስቴ ከግቢ ሳንወጣ፣ ጠጠሩን አቅፈው እንዲይዙ፣ ከአራቱም ጎማ ንፋስ ቀነሰች፤ ጎማዎቹ ፉጨት አሰምተው እንደደከመው ሰው መሬት ላይ ተደላደሉ። ጭቃው ውስጥ ስንገባ መኪናዋ ሰመጠች። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከእግራችን በታች፣ ከሊጡ ውስጥ፣ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ወለሉ!» ብዬ ጮህኩ።

«አትጩህብኝ» አለች፣ ጉንጯ ግን ሳቀ።

ቱቦው ጋ ሳንቃዎቹን አወረድን። ተሻገርን፤ አንዱ ሳንቃ ከሥራችን ቀጭ ሲል ሰማሁት። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ አክስቴ ቆመችና መንፊያውን አወጣች።

«ኧረ ይረፍድብናል!» አለ አጎቴ።

«በተነፈሰ ጎማ መታጠፊያውን አልወርድም። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ለታላቅ ወንድሟ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እሱም ሰምቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ እንደታዘዘው ዝም ብሎ ተቀመጠ። መታጠፊያው መጣ። አስፋልቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። መሪውን አዞረች፣ ፊትም ኋላም እኩል ታዘዘ፤ መኪናዋ እንደ አንድ አካል ዞረች፣ ድልድዩን ቀጥ ብላ ያዘች።

ነርሷ ሰዓቷን አየች፣ ጭቃ የለበሰ ጫማችንን አየች፣ በመስኮቱ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለውን ጥቅል። «ፍራሹን የት ልታነጥፉት ነው?» አለች። አጎቴ አልጋው ላይ ወጣና ክንዱን ዘረጋላት።

ስንመለስ ዝናቡ አላቆመም ነበር። አክስቴ አስፋልቱ ሲያልቅ ንፋስ ቀነሰች፣ ቱቦው ጋ ሳንቃ አነጠፍን፣ ቤት ገባን። እኔ የፍራሹን ገመድ ልፈታ ጣሪያው ላይ ስወጣ አጎቴ ከታች ጮኸ።

«ፍራሹን ተወው፣ መጀመሪያ ሳንቃውን አቀብለኝ!» የተሰነጠቀውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ተከተለ፣ አሸተተው። «ቀጭን አድርጌዋለሁ» አለ። «ከነገ ወዲያ ስንሄድ ወፍራም ይሆናል።» ዝናብ እየመታው ሳንቃውን ታቅፎ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ።