ዳማ እስከ በሩ፣ እኔ ከበሩ ወዲያ

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ፣ አንድ ሰው እንኳን ውሸት ነው ይበለኝ።

ጋሽ ወርቁ ዛሬ ጠዋት አረፉ። እህታቸው እትዬ አስካለ ደውለው ሲነግሩኝ ስልኩን ዘጋሁባቸው። መልሰው ደወሉና ያንኑ ቃል ደገሙልኝ።

ለማታውቋቸው፣ ኮተቤ ያስተማሩኝ መምህሬ ነበሩ። ጡረታ እንደወጡ የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የምትመራቸው ውሻቸው ዳማ ናት። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ የተጣለች ቡችላ ነበረች። ያሠለጠኗት ራሳቸው ናቸው፣ በዳበሳ። ቦይ ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መኪና ሲመጣ በሰውነቷ መንገዱን ትዘጋባቸዋለች። "ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንደ ዳማ የሚሰማ ተማሪ አልገጠመኝም" ይሉ ነበር፤ "አንቺንም ጨምሮ!"

አንዴ ቀበና ታክሲ ልንሳፈር ስንል ረዳቱ "አባባ፣ ውሻ አንጭንም!" አላቸው። "ልጄ፣ ጭነቱ እኔ ነኝ፤ እሷማ ሹፌር ናት" አሉት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም እየሳቀ ቦታ ለቀቀላት።

ቤተ ክርስቲያን ግን ውሻ አይገባም። በየወሩ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ እንጦጦ ሲወጡ ዳማ በሩ ላይ ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ እጃቸውን የምይዘው እኔ ነኝ። "ዳማ እስከ በሩ፣ አንቺ ከበሩ ወዲያ" ይሉኝ ነበር። ሥራችንን ያከፋፈሉን እሳቸው ናቸው።

አሁን የምጽፈውን ማንም አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ሆነው ደወሉልኝ። "የት ደረስሽ?"

"ደርሻለሁ ጋሼ፣ ግቢ ውስጥ ነኝ" አልኳቸው።

ገና ቤቴ ነበርኩ፣ ጫማዬን እያሰርኩ። ታክሲ ሳይዝ "ደርሻለሁ" የማይል ማን አለ?

እሳቸው ግን አመኑኝ። ዳማን በሩ ላይ ትተው፣ ስሜን እየጠሩ ብቻቸውን ገቡ። ደረጃው ላይ ወደቁ። ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ሰው የደረሰላቸው ዳማ ከውጭ ሆና ስትጮህ ነው። እኔ ስደርስም አላቆመችም ነበር።

ሆስፒታል ሄጄ አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ያዙኝ። ለምን ዋሸሽኝ አላሉኝም። ለእህታቸው "እኔው ነኝ የቸኮልኩት" አሏቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ዳማ በላች?" ብቻ አሉኝ።

ዛሬ ለቀስተኛው ሁሉ እኔን ያጽናናል። "እንደ ልጃቸው ነበርሽ" ይሉኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ አስካለ፣ ፊትዎ ቆሜ መናገር አቅቶኝ ነው እዚህ የጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳን አፍ የለኝም።

ለቅሶ ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ዳማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። ማሰሪያዋን ይዤ ብጎትታት እምቢ አለች። ወደ ውስጥ እያየች ትጠብቃቸዋለች።

ጋሽ ወርቁ፣ ነገ በዚሁ በር ይዘንዎት እንገባለን። ዳማ እስከ በሩ ትሸኝዎታለች። ከበሩ ወዲያ ያለው ግን የእኔ ነው፤ እጄን ከሳጥንዎ ላይ አላነሳም። ይሄን የምጽፍልዎት በሩ ላይ፣ ከዳማ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

ደርሻለሁ ጋሼ። አሁን እውነቴን ነው።