ከምሽጉ በር ማዶ

ናሆም ነበር፤ ሐጎስ ነበር፤ ገመቹ ነበር፤ አራተኛው እኔ ነኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየሙ ሥር በነበረችው የቆርቆሮ ጌም ቤት ውስጥ አብረን በተጫወትንበት የመጨረሻ ቀን ሌላ ሰው አልነበረም። ትናንት ሲኤምሲ እህቴ ቤት፣ ልጇ ያኔ የምንጫወተውን ጌም፣ በአዲስ መልክ የተሠራውን፣ ሲጫወት አየሁትና ስማችንን በልቤ ስጠራ አመሸሁ።

ጌሙ ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ነው። ሠሪዎቹ ከራሳቸው የፈጠሩት፣ ባሕር ላይ ያፈጠጠ ቢጫ ምሽግ አለ፤ እኛ ከዚያ የምናመልጥ እስረኞች ነን። መውጫው አንድ የብረት በር ነው። በሩ ተነሥቶ የሚቆየው አንዱ ማንሻውን ይዞ ከቆመ ብቻ ነው። ሦስቱ ይወጣሉ፤ አንዱ ይቀራል።

የሚቀረው ሁልጊዜ ገመቹ ነበር። በቤቱ ልማድ መጨረሻ የመጣ ሰው መሮጫው የማይሠራውን ጆይስቲክ ይይዛል፤ መሮጥ የማይችል ደግሞ ማንሻው ጋ ይቆማል። ገመቹ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ስለነበር ሁልጊዜ መጨረሻ ይደርሳል። ጌም ቤቷ የቆመችበት መሬት የአያቱ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ቤተሰቡ ከዚያ ተነሥቶ ለሚ ኩራ ዳር ሰፍሯል።

"በገዛ መሬቴ ታስሬ ልቅር?" እያለ ያስቀን ነበር።

ያ የመጨረሻ ቀን ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛ የተጠበሰ በቆሎ እንፈለፍላለን። ገመቹ በስብሶ ገባና፣ "ነገ እሄዳለሁ። ከደላላው ጋር ጨርሻለሁ፤ በጅቡቲ አድርጌ በጀልባ" አለ።

"አንተ ዋና እንኳ አትችልም!" አለው ሐጎስ።

"ጀልባው ይችላል።"

ማናችንም አልሳቅንም። ናሆም ደህናውን ጆይስቲክ አቀበለውና፣ "ዛሬ አራታችንም ከወጣን መሄዱን ትተህ ትቀራለህ?" አለው።

ገመቹ መሮጫውን ተጭኖ ሞከረ። "እናቴ ትሙት፣ ከወጣን እቀራለሁ።"

ምሽጉን ድንጋይ በድንጋይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ በርሜል አለ፤ ከበሩ ሥር ብናስገባው ይደግፈዋል አልኩ። እየገፋን አመጣነው። ገመቹ ማንሻውን ለቀቀ። በሩ ወረደ፣ በርሜሉ ላይ አረፈ፣ ቆመ! ጮኽን። ሦስታችን ወጣን። ገመቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሮጠ መጣና ደፉ ላይ፣ መስታወት እንደያዘው ሰው ቀጥ አለ።

"ግፋ! ዝለል በለው!"

"እየገፋሁ ነው እኮ፣ ናሆሜ።" ከዚያም ቀስ ብሎ፣ "ይቺ ጌም ታውቀኛለች" አለ።

በማግስቱ ሄደ። እናቱ ዛሬም የማታውቀው ቁጥር ሲደውል የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። የደወለው ግን እስካሁን እሱ ሆኖ አያውቅም።

በኋላ የጌም አሠራር ከኢንተርኔት በራሴ ተማርኩ። የዚያን ጌም ፋይል ከፍቼ በሩን ፈለግሁት። ከበሩ ማዶ መቆሚያ የተሠራው ለሦስት ሰው ብቻ ነው። ምንም ብናደርግ አራተኛ ሰው አይወጣም ነበር። ይህን ማወቅ ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ አላቀለለኝም። እሱ የማለው መውጫ አለ ብሎ ነው።

ናሆም፣ ሐጎስ፣ ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። መብራት ሄዶ ስክሪኑ መጥፋቱን አስታውሳለሁ። ገመቹ ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ማስቀመጡንም አስታውሳለሁ። የቱ እንደቀደመ ነው የጠፋብኝ። መብራቱ ሲሄድ ገና እየገፋ ነበር፣ ወይስ ትቶት ነበር?