ለፋሲካ የተቀባው ግድግዳ

ላምብሪኒ የሰው ፊት የሚከብዳት ሴት ናት። በግሪክ አገር፣ ቮሎስ ወደብ አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ነው ያረጀችው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ «ይህ በደል ነው» ብላ አፍ አውጥታ ተናግራ አታውቅም። ባሏ ሲሞት መጠጊያ የሆናት ስታቲስ ነው፤ ልጇን ክርስትና ያነሳላት፣ በርካሽ ቤት ያከራያት ሰው። በእነሱ ዘንድ አበልጅ ከወንድም አያንስም። በአበልጁ ላይ የመሰከረ ደግሞ ከሰው አይቆጠርም።

ፀሐይ የሚገባው የፊት ክፍል የእሷ ነው። የኋላውን ኤቫንቲያ የምትባል የዳቦ ቤት ሠራተኛ ተከራይታዋለች፤ ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ለጉድ ነበር፤ አንዷ ምስር ከቀቀለች ሌላዋ ዳቦ ይዛ ትገባለች።

ዝናቡ ሲከፋ ግን የኋላው ግድግዳ ከኮረብታው ውሃ ይመጥ ጀመር። ሻጋታው ከወለል ተነስቶ ጣራ ደረሰ፤ ኤቫንቲያን ሳል ያዛት፣ ፍራሿም ረጠበ። ለስታቲስ ብትነግረው መስኮት ክፈቺ አላት። ብትከፍት ብርዱ ገባ እንጂ ሻጋታው አልወጣም። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ አመለከተች። ሕጉ ከእሷ ጋር ነበር፤ ተቆጣጣሪው ጉዳቱን ካረጋገጠ አከራዩ የማደስ ግዴታ አለበት፣ እስኪያድስም ኪራዩ ይቀንሳል። ለሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ተቀጠረላት።

ማክሰኞ፣ ኤቫንቲያ ሥራ ላይ ሳለች፣ ስታቲስ ኖራ ተሸክሞ መጣ።

«አበልጄ፣ ፋሲካ ደርሶ ቤቱ እንዲህ ጠቁሮ ይዋል?» አላት። «የኋላውንም ቀቢላት እንጂ። ልጅቷ ደክሟታል፣ ጽድቅ ነው።»

ነገ ማን እንደሚመጣ አላነሳም። እሷም አላነሳችም። በዚያ አገር ለፋሲካ ኖራ ያልተቀባ ቤት ሐዘን የተቀመጡበት ይመስላልና፣ ላምብሪኒ ለራሷ የምትነግረው ምክንያት አላጣችም። በዓል ነው አለች። ሻጋታውን በኮምጣጤ ፍቃ ደራርባ ቀባችው። እያወቀች ነው፤ እያወቀች መሆኑንም ታውቃለች።

ኤቫንቲያ ማታ ገብታ ግድግዳውን ስታይ ክው አለች። ግን አልተቆጣችም፤ ያ ነው ይበልጥ የከፋው።

«ለእኔ ብለሽ ደከምሽ፣ እትዬ» አለቻት። «ግድ የለም፣ ነገ ሰውየው ሲመጣ የነበረውን አንቺ ትነግሪልኛለሽ።»

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ግድግዳውን ዳሰሰ። ርጥብ ነው፤ ትናንት የተቀባ ኖራ ርጥብ ቢሆን ምን ይገርማል? ወደ ላምብሪኒ ዞረና፣ «እናቴ፣ እዚህ ሻጋታ ነበር?» አላት።

ስታቲስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኤቫንቲያ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች ላምብሪኒ። «ወደዚህ እምብዛም አልገባም።»

ሰውየው የሚያረጋግጠው ነገር የለም ብሎ ሄደ። ኤቫንቲያ ልብሷን መሸከፍ ጀመረች። የምትሄደው ወንድሟ ቤት፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ልታድር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተገናኙ። እዚያ ሰው ከመቁረቡ በፊት ከሚያውቀው ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ላምብሪኒ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠናው ያደረችው ቃል ነበራት፤ ኤቫንቲያ ቀደመቻት።

«ይቅር በዪኝ፣ እትዬ። ከአበልጅሽ ጋር ላጣላሽ ነበር።»

ላምብሪኒ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው መልስ ነው፦ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ።»

ኤቫንቲያ ጉንጯን ሳመቻትና ሄዳ ቆረበች። ላምብሪኒ ከሰልፉ ወጥታ ግድግዳ ተደገፈች። ስታቲስም ቆርቦ፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ ሲመለስ አያት።

«አበልጄ፣ አትቆርቢም እንዴ?»

«ጾም ገድፌአለሁ» አለችው። ይህንንም ዋሸች።