ጋሽ ሁሴንና የቅዳሜው ማኅበር

ባለፈው ሳምንት አዳማ ውስጥ ከአንድ ማተሚያ ቤት በር ላይ ቆሜ የእህቴን የሠርግ ካርድ ስጠብቅ፣ መቁረጫው ወፍራም የወረቀት ክምር ገመሰ። የአዲስ ወረቀትና የቀለም ሽታ ወደ ውጭ ወጣ። ጋሽ ሁሴን ትዝ አሉኝ፤ ፊቴ በኀፍረት ጋለ።

ጋሽ ሁሴን ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት የጨረሱ ጡረተኛ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤታቸው ከአዴ ጫልቱ ጋር ሆነው የሰፈሩን ልጆች በቀበሌ አዳራሽ ሰብስበው ወረቀት ማጠፍ በነፃ ያስተምሩ ነበር። «ማኅበራችን» ይሉታል፤ ማኅተም እንኳ አልነበረውም። ቁርጥራጭ ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ይመጣሉ። የጣቶቻቸው ጫፍ ታጥቦ በማይለቅ ቀለም ጠቁሯል። ስንቸኩል አይቆጡም። «ሱታ፣ ልጄ፣ ቀስ በይ» ብለው ያጣመምኩትን ዘርግተው በጥፍራቸው ይዳምጡልኛል።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል አዘጋጀ። ያጠፍኳቸውን አበቦችና እንስሳት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። የቀሩትን ጋሽ ሁሴን በዚያው ከረጢት ይዘውልኝ መጡ። ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል። የክፍሌ ልጆች እያዩአቸው ተሳሳቁ።

ከእንግዶቹ አንዷ ሴትዮ፣ «ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«ማንም። ከዩቲዩብ ነው።»

«እኚህ አባትስ?»

«ዕቃ የሚያደርሱ ናቸው» አልኩ።

ሰምተዋል። ዓይኔን ሳያዩ ከረጢቱን ቀስ አድርገው አስቀመጡና፣ «አዎ፣ እሜቴ፣ ዕቃ ላደርስ ነው የመጣሁት» አሏት። እንዳላፍር ውሸቴን ተሸከሙልኝ።

ከዚያ ወዲያ አዳራሹን አልረገጥኩም። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳያቸው ባጃጅ ተከልዬ አልፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መሞታቸውን እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ለእረፍት ስመጣ እንኳ ለቅሶ አልደረስኩም።

ካርዱን እንደተቀበልኩ በቀጥታ አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። «አካም ጅርታ፣ ሔለን!» ብለው አቀፉኝ። የዚያን ቀን ያደረግሁትን እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ጨርሶ አልሰሙም ነበር፤ ጋሽ ሁሴን ለማንም አልተናገሩም።

አዴ ጫልቱ ተነሥተው፣ ጋሽ ሁሴን የእያንዳንዱን አስተጣጠፍ በእርሳስ የሣሉበትን ደብተር አመጡልኝ። መሐል ገጹ ላይ የአንድ አባ ኮዳ አስተጣጠፍ አለ፤ ባቱ ሐይቅ ዳር አይቼ ከአንድ ወረቀት ራሴ ፈልስፌ ያጠፍኩት፣ ከረሳሁትም የቆየ አሞራ። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ፣ «ይህን የተማርኩት ከሔለን ነው» ይላል።

«ለልጆቹ ሲያስተምሩት ሁልጊዜ ስምሽን ይጠሩ ነበር» አሉኝ አዴ ጫልቱ።