ለለቅሶ የተነሳ ፎቶ

ሰሞኑን ሱቅ ውስጥ የኮምጣጤ ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምን ልበልህ፣ ለኔ ኮምጣጤ የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ እህል በረንዳ በርበሬ ይነግድ ነበር፤ ነፍሱ ግን ፎቶ ላይ ነበረች። ፊልሙን የሚያጥበው እቤታችን ጓዳ ውስጥ ነው። የበሩን ስንጥቅ በጆንያ እንደፍንና ቀይ አምፖል እናበራለን። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነክሮ ሲያወዛውዘው ፊት ቀስ እያለ ብቅ ይላል፤ ያኔ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው "መጣ፣ መጣ" ይለኛል። ከዚያ በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ያለቀልቀዋል። የበርበሬው ብናኝ ደግሞ ሁለታችንንም ያስነጥሰናል። ደስ ይል ነበር እኮ!

አንድ ቀን እናቴ ከጎረቤት ለቅሶ ተናዳ መጣች። ለሟቿ የተያዘላት ፎቶ ከመታወቂያ የተላጠ፣ ማኅተም ግንባሯ ላይ ያረፈበት ነበር። "እኔ እንዲህ ሆኜ አይለቀስልኝም" አለችና፣ ለለቅሶዋ የሚሆን ደህና ፎቶ እንዲያነሳት አባቴን አዘዘችው። በማግስቱ ጠዋት አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ በራፋችን ላይ ኮስተር ብላ ተቀመጠች። አባቴ ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ፣

"አንቺ ሴት፣ በዚህ መልክሽ ሞተች ብል ማን ያምነኛል?" አላት።

በሳቅ ፈረሰች። እሱም ቀጭ አደረጋት።

ታጥቦ ስታየው እፍረት ገደላት። ጥርሴን አግጥጬ ሊለቀስልኝ ነው ወይ ብላ፣ እቀደዋለሁ እያለች ይዛው ሄደች። አባቴ እየሳቀ ኮስታራ አድርጎ ደግሞ አነሳት፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እሱ ነው።

ቀድሞ የሄደው ግን አባቴ ሆነ። ድንኳን ተተክሎ የሚያዝ ፎቶ ብንፈልግ ከየት ይምጣ? ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነበራ! ያለችው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ናት። እሷን ይዤ ወደ እናቴ ብሄድ እጄን ገፋ አድርጋ ሳጥኗን ከፈተች፤ ያን ቀደድኩት ያለችውን ፎቶዋን አወጣችና ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ድንኳኑ ወጣች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐዘኑ አእምሮዋን የነካት መስሎኝ ደነገጥኩ።

"እማዬ፣ ይኼ እኮ ያንቺ ፎቶ ነው" አልኳት በጆሮዋ።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ዓይኔን እዪው። የማየው እሱን ነው።"

እስከዚያ ድረስ ዕንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያኔ ነው ያለቀስኩት።